ልብሱን መጨረሻ ላይ አቆዩት፦ በአልኮይ የሞሮችና የክርስቲያኖች በዓል ከፊላ ጋር ለመሰለፍ

ስለ ሞሮችና ክርስቲያኖች በዓል የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከልብሱ ነው። (በዓሉ የስፔን ከተሞች የድሮውን የሙስሊሞችና የክርስቲያኖች ውጊያ በሰልፍ የሚያሳዩበት ነው፤ ሞር የሚሉት ሙስሊሙን ነው።) ላባው፣ ጥምጣሙ፣ የቆዳው ጥሩር፣ ጎራዴው። አልፈርድበትም፤ እኔንም መጀመሪያ መንገድ ዳር አፌን ከፍቼ እንድቆም ያደረገኝ ልብሱ ነበር። ግን ለብሶ መውጣት የነገሩ ትንሹ ክፍል ነው። ከዚያ በፊት አብሮ መብላት አለ፣ መዋጮ አለ፣ ለሳምንታት ልምምድ አለ፣ ትከሻን ከጎረቤት ትከሻ ጋር ማስማማት አለ። ይህን የጻፍኩት ስፔን ውስጥ፣ በተለይ አሊካንቴና ቫሌንሲያ አካባቢ ለምትኖሩና ከዳር ሆኖ ማየት ለማይበቃችሁ ነው። ምሳሌ የማደርገው አልኮይን ነው፤ የማውቃትም የምወዳትም እሷን ነው።

ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

የምትገቡበትን ነገር እወቁ

አልኮይ በአሊካንቴ ክፍለ ሀገር በተራሮች መካከል ያለች ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 560 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል በኤፕሪል ጠዋት ጠዋት ትበርዳለች፤ ይሄ በኋላ ልብሱ ላይ ስንደርስ ይጠቅማችኋል። ታሪኩ የሚጀምረው በ1276 ነው። አል አዝራቅ የሚባል የአካባቢው ተወላጅ የሆነ የሙስሊም መስፍን ነበር። ስሙ "ሰማያዊው" ማለት ነው። ከክርስቲያኑ የአራጎን ንጉሥ ከጃውሜ 1ኛ ጋር አንዴ ውል ሲያስር አንዴ ሲያምፅ ኖሮ በመጨረሻ አልኮይን አጠቃና እዚያው ውጊያ ላይ ሞተ። ከተማዋ ተረፈች። በነሱ ትውፊት በዚያ ቀን ቅዱስ ጊዮርጊስ በቅጥሩ ላይ ታይቷል። ለዚህ ነው በዓሉ በሳን ጆርዲ (በቅዱስ ጊዮርጊስ) ቀን፣ በኤፕሪል 23 ዙሪያ የሚውለው። (እኛ ሚያዝያ 23 የምናከብረው ያው ሰማዕት ነው፤ ቁጥሩ አንድ ሆኖ በእነሱ አቆጣጠር የእኛው ሜይ 1 ላይ ያርፋል። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ይህን ለሰልፈኞቹ ስነግራቸው በጣም ነበር ደስ ያላቸው፤ ወሬ ለመጀመር ጥሩ በር ነው።)

በ1668 የተደረገ በዓል ተጽፎ ተገኝቷል። በዚያን ጊዜም አንዱ ወገን ክርስቲያን አንዱ ወገን ሞር ሆኖ ይሰለፍ ነበር። ዛሬ በአልኮይ 28 ቡድኖች አሉ፤ 14 የሞር፣ 14 የክርስቲያን። ቡድኑ ፊላ ይባላል። በሌሎች ብዙ ከተሞች ደግሞ ኮምፓርሳ ይሉታል። አልኮይ ሄዳችሁ ኮምፓርሳ ካላችሁ ይገባቸዋል፣ ግን እንግድነታችሁም ወዲያው ይታወቃል።

ፊላ ምን እንደሆነ ለሐበሻ ማስረዳት ቀላል ነው። ማኅበር ነው። ቤት አለው፣ መዋጮ አለው፣ ደንብ አለው፣ ተራ አለው፣ ዓመቱን ሙሉ አብሮ ይበላል። እያንዳንዱ የራሱ ስምና የራሱ ልብስ አለው፤ ከሞር ወገን ትልቁ በዕድሜ ላና የሚባለው ነው፣ ከክርስቲያን ወገን ጉዝማኔስ፣ አልሞጋቫርስ፣ ባስኮስ፣ ላብራዶሬስ የሚባሉ አሉ። የየወገኑ መሪ ካፒታን ይባላል፣ ቀጥሎ ያለው አልፌሬስ። ካፒታንነቱ ለፊላዎቹ በተራ ስለሚደርስ አንድ ፊላ ዕድሉን የሚያገኘው በ14 ዓመት አንዴ ነው። ልጅ ተወልዶ ጎረምሳ እስኪሆን ማለት ነው። በዚያ ዓመት ፊላው ያለ የሌለ አቅሙን ያወጣል።

ከተማ መምረጥ

አልኮይ ብቻ አይደለም። ቢዬና በሴፕቴምበር መጀመሪያ ታከብራለች፤ የተሰላፊው ብዛት ያስደነግጣል። ቢያሆዮሳ በጁላይ የምታደርገው ደግሞ ከባሕር ነው፤ ሞሮቹ ጎህ ሲቀድ በጀልባ መጥተው የባሕር ዳርቻው ላይ ይወርዳሉ። ኦንቲንየንትና ኮሰንታይና በኦገስት፣ ፔትሬር በሜይ። የምትኖሩበትን ምረጡ። ይህ ዓመት ሙሉ የሚኖሩት ነገር ነው፤ ሁለት ሰዓት መኪና ነድታችሁ ማክሰኞ ማታ ልምምድ ልትመጡ አትችሉም፣ ብትችሉም ሦስተኛው ሳምንት ላይ ትተዉታላችሁ።

ከማዕዱ ጀምሩ

ይህን ክፍል አትዝለሉ። ብዙ ሰው በፌብሩዋሪ ኢሜይል ጽፎ "መሰለፍ እፈልጋለሁ" ይላል፣ መልስ አያገኝም፣ ቅር ይለዋል። ነገሩ በኢሜይል አይሆንም። በሰው ነው።

መልካሙ መግቢያ ሚግ አንይ ነው፣ "የዓመቱ እኩሌታ" ማለት። በኦክቶበር አካባቢ፣ ከዋናው በዓል ስድስት ወር ተቀንሶ፣ ፊላዎቹ ይሰበሰባሉ፣ ይበላል፣ ሙዚቃ ይመታል። የሥራ ባልደረባ፣ ጎረቤት፣ የልጃችሁ ጓደኛ አባት፣ ማንም ይሁን አንድ ፊላ ውስጥ ያለ ሰው ፈልጉና አንድ ቀን ቤታቸው ይዟችሁ እንዲሄድ ጠይቁ። አልኮይ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ማጣት ይከብዳል። ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ከበላችሁ በኋላ ተነሥታችሁ ሳህን አንሡ። የሚያስተዋውቃችሁ ንግግራችሁ ሳይሆን ይሄ ነው።

ሁለተኛው ጥሩ ጊዜ ከበዓሉ በፊት ባሉት ሳምንታት የሚደረጉት እንትራየቴስ ናቸው። ፊላው በተራ ልብሱ፣ በጂንስና በጃኬት፣ ባንዱን ከኋላ አድርጎ መንገድ ለመንገድ ይሰለፋል። ልብስ ስለሌለ እርምጃው ራቁቱን ይታያል። የትኛው ፊላ እንዴት እንደሚራመድ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚስቅ፣ ልጆቹ የት እንደሚቆሙ እዚያ ታያላችሁ። እኔ ልቤ የሄደበትን ፊላ የመረጥኩት በእንትራየታ ምሽት ነው፤ በዋናው ሰልፍ ቀን ዓይኔን ላባው ይዞት ስለነበር ምንም አላየሁም።

ከተዋወቃችሁ በኋላ ሳታፍሩ የምትጠይቁት አለ። ወርሃዊ መዋጮው ስንት ነው? ምግቡን፣ ባንዱን፣ ልብሱን ይጨምራል ወይስ ለብቻ ነው? የካፒታንነት ተራው መቼ ነው? ይሄኛውን በተለይ ጠይቁ፤ ተራው ሊደርስ ሁለት ዓመት የቀረው ፊላ ውስጥ ስትገቡ የሚጠበቅባችሁ ገንዘብም ጉልበትም ሌላ ነው። ካፒታኑ በዋናው ሰልፍ ቀን ይዞት የሚወጣው አጀብ ቦአቶ ይባላል፤ ፈረስ፣ ዳንሰኞች፣ ሠረገላ፣ ባንዲራ ያዦች፣ ልጆች። ብዙ ሰው ስለሚፈልግ አባል ላልሆነ ሰው ቀላሉ በር እሱ ነው። እኔም የገባሁት በዚያ ነው፤ የመጀመሪያው ዓመት ሥራዬ ከአንድ ሠረገላ ጎን መሄድና ጦር መያዝ ነበር፣ በቃ። ረድፍ ውስጥ የገባሁት በኋላ ነው።

ሴቶች እህቶቼ ደግሞ ቀጥታ ጠይቁ። አልኮይ ሴቶችን እንደ ሙሉ ተሰላፊ ለመቀበል ረጅም ጊዜ የወሰደባት ከተማ ናት፤ ለዓመታት ክርክር ነበር፣ ቁስሉም ገና አልጠፋም። አንዱ ፊላ ውስጥ ሴቶች እንደ ማንኛውም አባል ናቸው፣ ሌላው ውስጥ በወረቀት ላይ ብቻ ነው የተፈቀደው። የምትገቡበት ፊላ ውስጥ ባለፈው ዓመት ስንት ሴት በረድፍ እንደተሰለፈች ጠይቁ። ከደንቡ ይልቅ የሚነግራችሁ የዚህ መልስ ነው። ዜሮ ካሉ ወደሚቀጥለው ፊላ ሂዱ፤ የራሳችሁን በዓል ለምናችሁ መግባት የለባችሁም።

ሞር ወይስ ክርስቲያን?

በሃይማኖት አይደለም። ሞር የሚሆኑት ሰዎች በማግስቱ ቅዳሴ የሚቆሙ ካቶሊኮች ናቸው። አያቱ ሞር ስለነበሩ ሞር የሆነ አለ፣ ሙዚቃውን ስለወደደ የገባ አለ፣ ጓደኞቹ ስላሉ የገባ አለ። እናንተም በእግራችሁና በጆሯችሁ ምረጡ፤ ልዩነቱ እርምጃው ላይ ነው፣ ወደሱ እመጣለሁ።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር። በሞር ወገን ፊታቸውን ጥቁር ቀለም ተቀብተው የሚወጡ ረድፎች አሉ፣ የቆየ ልማድ ነው። ጥቁር ሆኜ እዚያ መሀል ስቆም ምን እንደሚሰማኝ ማንም ሳይጠይቀኝ ተናግሬያለሁ፤ የፊቴ ቀለም የዓመት ልብስ አይደለም። የሰሙኝ ሰዎች በክብር ነው የሰሙኝ፣ ሁሉም ባይስማማም። እናንተም ከመግባታችሁ በፊት ያ ፊላ ይህን ያደርግ እንደሆነ ጠይቁ፣ እና የማይመቻችሁ ከሆነ በማዕዱ ላይ፣ ሰው ሳይጠጣ፣ ረጋ ብላችሁ ተናገሩ። ሰልፉ ቀን አይሆንም።

ሞር ሆናችሁ ስትወጡ ደግሞ የምትወክሉትን አክብሩ። አል አዝራቅ ከሩቅ የመጣ ባዕድ አልነበረም፣ የዚያው አካባቢ ልጅ ነው። ከሱ በኋላም ሙስሊሞችና ዘሮቻቸው በቫሌንሲያ ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ ኖረዋል፣ ዘሮቻቸው በግዳጅ የተባረሩት ከ1609 ጀምሮ ነው። ጥሩ የሞር ፊላ ይህን ያውቃል። እንደ ጌታ ነው የሚራመደው፣ አስቂኝ ነገር አይሠራም።

እርምጃው

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ረድፉ ኤስኩዋድራ ይባላል። አሥር ገደማ ሰው ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ መንገዱን ይሞላል። ከፊት ካቦ አለ፣ ጎራዴ ወይም ጦር ይዞ ረድፉን የሚመራው። ባንዱ ከኋላ ነው። ይህን አስቡት፤ ከበሮው የሚመታው ከጀርባችሁ ነው፣ የጎድን አጥንታችሁ ውስጥ ይገባል።

ሙዚቃው ሦስት ዓይነት ነው። ፓሶዶብሌ ፈጠን ያለ ነው፣ ዲያና የሚባለው የማለዳ ሰልፍና ሌሎች ቀለል ያሉ ሰልፎች ላይ ይመታል። ለዚህ በዓል ተብሎ የተደረሰ የመጀመሪያው ሙዚቃም በ1882 የተጻፈ ፓሶዶብሌ ነው፤ ያኔ ሁሉም በሱ ነበር የሚሰለፈው። የመጀመሪያው የሞር ማርሽ የመጣው በ1907 ነው። ቀርፋፋ፣ ከባድ፣ ከበሮ የበዛበት። የክርስቲያን ማርሽ ደግሞ በ1958፣ ከናስ መለከቶቹ ጋር ኮስተር ያለ ነው። እንግዲህ የየወገኑ አካሄድ ከዚህ ነው የሚወጣው። ክርስቲያኑ ቀጥ ብሎ ረግጦ ይሄዳል፣ ሞሩ እየተወዛወዘ እንደ ማዕበል ይሄዳል።

የሞር እርምጃ እንዲህ ይለመዳል።

ቤት ውስጥ ኮሪደር ላይ ጀምሩ። በሰከንድ አንድ ምት ገደማ አድርጋችሁ ቁጠሩ። ትልቁ ከበሮ ሲመታ ግራ እግር ነው መሬት የሚነካው፣ ሁልጊዜ ግራ። ይህ ከጠፋባችሁ ሁሉም ጠፋ። እግሩ ሲያርፍ ጉልበት በትንሹ ይሰበራል፣ ክብደታችሁ ወደዚያ ዳሌ ይተኛል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ቀኙ ይሻገራል። ትከሻችሁ ወደ ጎን ይሄዳል እንጂ ወደ ላይ አይዘልም። የሚዘል ትከሻ ከሩቅ ይታያል፤ አሥሩ ሰው ሲወዛወዝ አንዱ እንደ ፒስተን ወጣ ገባ ሲል የሰው ዓይን እሱ ላይ ነው የሚያርፈው። ይህን ለማረም ራሳችሁ ላይ መጽሐፍ አስቀምጡና ተራመዱ። እውነቴን ነው፣ ይሠራል።

ዓይን ወደ ፊት፣ አገጭ ከፍ። እግራችሁን አትዩ። ጎረቤታችሁንም አትዩ፤ ጎረቤት የሚታወቀው በትከሻ ነው። መጀመሪያ ልምምድ ላይ ቁጥር እየቆጠርኩ ስንገዳገድ ከጎኔ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ክንዴን ያዝ አድርገው "መቁጠር ተው፣ እኔ ስሄድ ሂድ" አሉኝ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ያን ምሽት ዓይኔን ጨፍኜ ግማሽ መንገድ ሄድኩ። ትከሻቸው ሲመጣ መጣሁ፣ ሲሄድ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ቆጥሬ አላውቅም። ለጀማሪ ሁሉ የምለው ይኼንኑ ነው፤ ረድፉ ውስጥ ስትመደቡ ከሁለት ነባሮች መሀል እንዲያስገቧችሁ ጠይቁ። ጫፍ ላይ አትቁሙ። ጫፍ ከባድ ነው፣ አንድ ትከሻ ብቻ ነው ያላችሁ።

የጫፍ ነገር ከተነሣ፣ ኩርባ ላይ ረድፍ የሚበተነው በጫፎቹ ነው። መንገዱ ሲታጠፍ ውስጠኛው ሰው ቦታው ላይ ይረግጣል፣ ውጨኛው ትልቅ ትልቅ ይራመዳል፣ መሀሉ ላይ ያላችሁት ቀስ በቀስ ትሰፋላችሁ። ሁሉም ግን በአንድ ምት። ሰው የሚሳሳተው ውጨኛው ፈጥኖ ሲረግጥ ነው፤ ርቀቱን ይጨምር እንጂ ምቱን አይጨምርም። ይህን ባዶ የመኪና ማቆሚያ ሜዳ ላይ ሃያ ጊዜ ደጋግሙት።

እንግዲህ የሁሉም ሰው ልብ የሚመታበት ቅጽበት አራንካ ይባላል፣ መነሻው ማለት ነው። አልኮይ ውስጥ ዋናው ሰልፍ የሚነሣው ኤል ፓርቲዶር ከሚባለው ቦታ ሲሆን በሳን ኒኮላስ ጎዳና ቁልቁል ወደ ስፔን አደባባይ ይወርዳል። ረድፋችሁ ተደርድሮ ቆሟል። የፊተኛው ፊላ ርቋል። መንገዱ ባዶ ነው፣ ሰው ግራና ቀኝ ጢም ብሏል፣ ግን ጸጥ ይላል። ካቦው ፊቱን ወደ እናንተ አዙሮ አንድ በአንድ ያያችኋል። ከኋላ ከበሮው ብቻውን ይጀምራል፤ አንዴ፣ ሁለቴ። መለከቱ ገና አልገባም። ካቦው ጎራዴውን ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ያነሣል፣ ያቆየዋል፣ እናንተ ትንፋሻችሁን ይዛችኋል፣ ከዚያ ባንዱ በሙሉ ኃይሉ ሲገባ ጎራዴው ይወርዳል፣ አሥር ግራ እግር በአንድ ጊዜ ይነሣል። ሕዝቡ ይጮኻል። በዚያች ደቂቃ የምትሠሩት ስህተት አንድ ብቻ ነው፣ መቸኮል። ደም ይሞቃል፣ እግር ይፈጥናል። ጎራዴው ሲወርድ ትንፋሽ አውጡ፣ ከዚያ ርገጡ።

አሁን ልብሱ

አልኮይ ውስጥ እያንዳንዱ ፊላ ቋሚ ልብስ አለው። እንደ ፈለጋችሁ አትለውጡትም፣ ቀለሙም ቅርጹም ከአባት ወደ ልጅ የመጣ ነው። ከዚያ ሌላ ለካፒታኑ ዓመትና ለልዩ ረድፎች አዲስ የሚሠራ ልብስ አለ፤ ቆዳ፣ ብረት፣ ፀጉር፣ ላባ፣ ጥልፍ፣ ሁሉም የእጅ ሥራ። በአካባቢው ሥራቸው ይሄ ብቻ የሆነ ልብስ ሰፊዎችና አከራዮች አሉ። የመጀመሪያው ዓመት ተከራዩ። ቋሚውን ልብስ የሚገዛ ሰው እንደሚቀጥል እርግጠኛ የሆነ ሰው ነው፤ ከፊላው ከወጣ አባል ያገለገለ ማግኘትም ይቻላል።

ልኬት ስትሰጡ ከውስጥ የምትለብሱትን ለብሳችሁ ተለኩ። ጠዋት የሚወጣ የክርስቲያን ሰልፍ ከሆነ ይበርዳል፣ ከሰዓት በኋላ የሚወጣ የሞር ሰልፍ ከሆነ ፀሐይ ታቃጥላለች፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ እንደገና ይበርዳል። ቀጭን የጥጥ ካናቴራ ከውስጥ ይሁን። ናይለን ቆዳ ሥር አይሆንም፣ ላብ ይዞ ይፈትጋል።

ጫማውን አስቀድማችሁ ያዙ። ከልብሱ ሁሉ አስቀድማችሁ! እኔ በሁለተኛው ዓመት ከአንድ አከራይ የተሰጠኝን ቦት ጫማ ለሰልፉ ዋዜማ ነው የሞከርኩት፤ ግማሽ ቁጥር ያንሳል። "ይለጠጣል" አሉኝ፣ እኔም ተቀበልኩ። አልተለጠጠም። አደባባዩ ሳይደርስ ተረከዜ ተልጦ ነበር፣ እና የሚያመው ሰው ሳያውቀው ያነክሳል፣ የሚያነክስ ሰው ደግሞ ትከሻው ይዘላል፤ በኔ ምክንያት ረድፉ ተሰብሮ ያን ፎቶ እስከ ዛሬ ሳየው ያሳዝነኛል። ሁለት ሳምንት አስቀድማችሁ ተቀበሉት፣ ቤት ውስጥ በወፍራም ካልሲ ተራመዱበት፣ ተረከዝና የትልቁ ጣት ጎን ላይ ከመልበሳችሁ በፊት ፕላስተር ለጥፉ።

ጥምጣም ደግሞ እንዲህ ነው። አብዛኛው ተሰፍቶ የተዘጋጀ ነው፣ እንደ ቆብ ይደረጋል፤ ግን ላባና ጌጥ ስላለበት ወደ ኋላ ይጎትታል። ከውስጥ ቀጭን ጨርቅ ግንባር ላይ እሰሩ። ላብ ይይዛል፣ ጥምጣሙንም አያንሸራትትም። ከዚያ ራሳችሁን በኃይል ነቅንቁ። ከተንቀሳቀሰ እንደገና። የክርስቲያን ራስ ቁርም ያው ነው፣ ብረቱ ሲሞቅ ግንባር ስለሚያቃጥል ውስጡ ስፖንጅ ይኑር።

ካባ ያለው ልብስ ከሆነ ከኋላችሁ ያለውን ሰው አስቡ። ክብደቱ ትከሻ ላይ እንጂ አንገት ላይ እንዳይወድቅ የሚታሰርበትን ቦታ አስተካክሉ። ሙሉ ልብሳችሁን ለብሳችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቤት ውስጥ ተራመዱ፣ ቁጭ በሉ፣ ተነሡ፣ ውሃ ጠጡ። ሽንት ቤትም ግቡ። ያለ ሰው እርዳታ የማትፈቱት ማሰሪያ ካለ ዛሬ እወቁት።

ቀኖቹ

ቀኑ ከእነሱ ፋሲካ ጋር ሲጋጭ ይሸጋገራል፣ በየዓመቱም ስለሚስተካከል የሳን ጆርዲ ማኅበር ከሚያወጣው ፕሮግራም አረጋግጡ። ቅደም ተከተሉ ግን አንድ ነው።

ማስታወቂያው በእነሱ ፋሲካ እሑድ ነው፤ ከየፊላው አንድ አንድ ሰው ሙሉ ልብሱን ለብሶ ግሎሪያ በሚባለው ሰልፍ ይወጣል። ከዚያ የዋዜማው ቀን የሙዚቀኞች ነው። ባንዶቹ ይገባሉ፣ አደባባዩ ላይ ተሰብስበው የበዓሉን መዝሙር አብረው ይመታሉ፣ ሕዝቡ ይዘምራል። ቃሉን አስቀድማችሁ አጥኑት። ማታ በየፊላው ቤት ኦልየታ ይበላል፤ ባቄላ መሰል ቦሎቄ፣ አትክልትና ሥጋ አብሮ የተቀቀለበት ወፍራም ወጥ ነው። ከሱ ጋር ካፌ ሊኮር የሚባለው የቡና አረቄ ይቀርባል። ጣፋጭ ስለሆነ ያታልላል። ያን ሌሊት አንድ ጠጡና ተዉት፣ በማግስቱ ዲያናው የሚጀምረው ገና ሳይነጋ ነው።

የመጀመሪያው ቀን የመግቢያ ቀን ነው፤ ጠዋት ክርስቲያኖቹ፣ ከሰዓት በኋላ ሞሮቹ ይገባሉ። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ከመራመዱ ይልቅ መቆሙ ያደክማል። ቆማችሁ ስትጠብቁ ጉልበታችሁን አትቆልፉ። ውሃ በትንሽ በትንሹ። ሙዝ ወይም ዳቦ ኪሳችሁ ወይም መታጠቂያችሁ ውስጥ ይሁን።

ሁለተኛው ቀን የሳን ጆርዲ ነው፣ የጸሎትና የዑደት ቀን። ረጋ ያለ ነው። ሰልፈኛው ልብሱን እንደለበሰ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ቅዱስ ጊዮርጊስን የሚወክል ሳን ጆርዲየት የሚባል ትንሽ ልጅ አለ፣ ሁሉም ሰው ዓይኑ እሱ ላይ ነው።

ባሩዱ

ሦስተኛው ቀን አላርዶ ነው፣ የውጊያው ቀን። አደባባዩ ላይ ከእንጨት የተሠራ ግንብ ቆሟል። ጠዋት የሞሮቹ መልእክተኛ መጥቶ ግንቡን አስረክቡ እያለ ይናገራል፣ እምቢ ይባላል፣ ተኩስ ይከፈታል፣ ሞሮቹ ያሸንፋሉ። ከሰዓት በኋላ ተራው የክርስቲያኑ ነው፤ ግንቡ ይመለሳል። የሚተኮሰው በአፈ ሙዙ የሚጎርስ የድሮ ጠመንጃ ነው፣ አርካቡስ ይሉታል። ጥይት የለውም፣ ባሩድ ብቻ።

የመጀመሪያው ዓመት አትተኩሱ። ለመተኮስ 18 ዓመት መሙላት፣ ኮርስ መውሰድና ፈቃድ መያዝ ግድ ነው፤ ይህን ፊላው ራሱ ያስመዘግባችኋል፣ ግን ወራት አስቀድማችሁ ተናገሩ። ስትተኩሱ ደግሞ ባሩዱን ከመያዣው በቀጥታ አፈ ሙዝ ውስጥ አታፍስሱ፤ በርሜሉ ውስጥ የቀረ ፍም ካለ እጃችሁ ላይ ያለው በሙሉ ይነሣል። በመስፈሪያ ለክታችሁ፣ መያዣውን ዘግታችሁ፣ ከዚያ ነው የሚጨመረው። ፊታችሁን ከአፈ ሙዙ አርቁ። ሲተኮስ አፈ ሙዙ ወደ ሰማይ ይይ፣ ወደ ሰው በጭራሽ። ካልተኮሰ እንደዚያው ወደ ላይ ይዛችሁ ጠብቁ፣ ወደ ውስጥ አትዩ። የምታጨሱ ከሆነ ያን ቀን የለም። የጆሮ መድፈኛ ሁለት ጥንድ ያዙ፣ አንዱ ይጠፋል። የአልኮይ ጎዳናዎች ጠባብ ናቸው፣ ድምፁ በግድግዳው መሀል እየተጋጨ ይመለሳል፤ ትንሽ ልጅ ካላችሁ በዚያ ሰዓት አደባባዩ አጠገብ አታምጡት።

ሲመሽ ሳን ጆርዲየት ግንቡ ላይ በፈረስ ሆኖ ይወጣል፣ ቀስቱን ይወረውራል። ጢሱ ገና አልበተነም፣ መብራቱ በጢሱ ውስጥ ቢጫ ይሆናል፣ ባሩዱ ጉሮሮ ይከረክራል። እዚያ ቁሙ፣ ስልካችሁን አታውጡ።

ከዚያ ሥራ አለ። ጥቁር ባሩድ ብረት ይበላል፤ ጠመንጃውን ያን ሌሊት በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ዘይት ቀብታችሁ ነው የምትተኙት። ጠዋት እላለሁ ያለ ሰው ጠዋት ዝገት ያገኛል። ልብሱን ወዲያው ሻንጣ ውስጥ አትጠቅልሉት፣ መስኮት ተከፍቶ ይንጠልጠል፣ ባሩዱና ላቡ ይውጣ። የተከራያችሁትን በተባለው ቀን መልሱ፣ የተቀደደ ካለ ሳትደብቁ አሳዩ። እና ሜይ ሲገባ መዋጮውን ክፈሉ፣ ዓርብ ማታ ማዕዱ ላይ ተገኙ። ቦታችሁ ረድፉ ውስጥ የሚቆየው በዚያ ነው።